ባለ 48ቷ ቢጫ የጫጩት ማስፈልፈያ፦ ምኗ ይታመናል፣ ምኗ አይታመንም

ካርቶኗ ላይ «98 በመቶ ትፈለፍላለች» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ቁጥሩን እዚያው ካርቶኑ ላይ ተዉት። በጥንቃቄ ከያዟት፣ ለም ከሆኑት እንቁላሎች ከ10ሩ 7 ወይም 8 ካወጣች ጥሩ ሠርታለች፤ ከዚያ በላይ ስታወጣም አብዛኛው ሥራ የባለቤቷ እንጂ የእሷ አይደለም።

የምናወራው ታችዋ ቢጫ፣ ክዳኗ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ስለሆነችው፣ 48 እንቁላል ስለምትይዘው የቻይና ማሽን ነው። በብዙ ስም ትሸጣለች፤ ውስጧ ግን ብዙም አይለያይም። ክዳኑ ላይ አንድ ፋንና ማሞቂያ፣ አንድ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ በየ2 ሰዓቱ እንቁላሉን የሚያጋድል ትንሽ ሞተር፣ ወለሏ ላይ ደግሞ ሁለት የውሃ ቦይ አላት። አንድ ታቃፊ ዶሮ በደህና የምትይዘው 12 እንቁላል አካባቢ ስለሆነ፣ ማሽኗ የአራት ዶሮ ሥራ ትሠራለች ማለት ነው። ማገላበጡን በደንብ ትወጣዋለች። ሙቀቱን ካረሙላት ትጠብቃለች። እርጥበቱን ታሳያለች እንጂ አትቆጣጠርም። መብራት ሲሄድ ግን ከባዶ ካርቶን አትሻልም።

መጀመሪያ የሚመረመረው ሙቀቷ ነው። ፋን ባላት ማሽን የሚፈለገው፣ በእንቁላሎቹ ከፍታ ሲለካ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ነው። ስክሪኗ 37.8 ስትል እውነተኛው 37.1 ወይም 38.4 ሊሆን ይችላል፤ የሴንሰሩ ስህተት ከማሽን ማሽን ይለያያል። ግማሽ ዲግሪ ምን ያመጣል የሚል ካለ፦ ሙቀቷ ከፍ ያለ ማሽን ጫጩቶቹን 19ኛውና 20ኛው ቀን ላይ እምብርታቸው ሳይዘጋ ታወጣቸዋለች። ዝቅ ያለችው ደግሞ እስከ 22ኛውና 23ኛው ቀን ታቆያቸዋለች፤ ከወጡትም ሆዳቸው ያበጠና እግራቸው የማይቆም ይበዛል።

የማረሚያው መሣሪያ ፋርማሲ ውስጥ አለ። ዲጂታሉ የትኩሳት መለኪያ የተሠራው ለዚሁ ለ37 እና ለ38 ዲግሪ ስለሆነ ከማንኛውም ርካሽ ቴርሞሜትር በላይ ይታመናል። ብቻውን ግን ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ቀን ሙሉ አያነብም፤ ስለዚህ ጫፉ ረጅም ሽቦ ያለው ትንሽ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። 38 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ቅዱ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ንከሩ፣ ውሃውን እያማሰላችሁ አንብቡ። ባለሽቦው 0.4 አስበልጦ ካነበበ «0.4 ቀንስ» ብላችሁ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ እንቁላል በሚቀመጥበት ከፍታ አስገብታችሁ ማሽኗን ባዶዋን 24 ሰዓት አስኬዷት። ስክሪኑ 37.8፣ የታረመው ቴርሞሜትር 37.1 ካሉ፣ በሴቲንጉ ውስጥ «ሲኤ» (CA) የሚለውን ማስተካከያ ወደ 0.7 ኔጌቲቭ ታወርዳላችሁ። ቴርሞሜትርን በፈላ ውሃ ፈትኑ የሚሉ ቪዲዮዎችን እለፏቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ደህናውን ቴርሞሜትር «ተበላሽቷል» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

በዚያው 24 ሰዓት ውስጥ የሽቦውን ጫፍ ወደ አራቱ ጥጎች አዟዙሩት። ፋኑ መሃል ስለሆነ ጥጎቹ ቀዝቀዝ ይላሉ፤ የክዳኑ ፕላስቲክ ስስ ሲሆንና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ይሰፋል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማሞቂያዋ ሳያቋርጥ እየሠራች እንኳ ላትደርስ ትችላለች። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ የማይወርድ፣ ፀሐይ ቀጥታ የማይመታው ክፍል ምረጡላት። ከላይ በጋቢ ወይም በፎም ስትሸፍኗት የአየር ቀዳዳዎቹና የፋኑ አካባቢ ክፍት ይሁን። የመሃሉንና የጥጉን እንቁላሎች በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ቦታ ማለዋወጥ ቀሪውን ልዩነት ያቻችላል።

እርጥበት ላይ ሲደረስ ማሽኗም ማኑዋሏም አብረው ይደክማሉ። ማኑዋሉ እስከ 18ኛው ቀን አንዱን ቦይ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ሁለቱንም ሙሉ ይላል። የሚፈለገው መጠንም የታወቀ ነው፦ እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 75 በመቶ። ችግሩ ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ሲሳሳ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በፍጥነት ይተናል። በዚያ ላይ የበጋው አየር ራሱ ደረቅ ነው። ቆላ ላይ የሚበቃው አንድ ቦይ ደጋ ላይ እንቁላሉን ሊያደርቀው ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ያው አንድ ቦይ ይበዛ ይሆናል።

ስለዚህ ከስክሪኑ ቁጥር ይልቅ ሚዛን ይታመናል። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ 12 በመቶ አካባቢ ማጣት አለበት። አሥር እንቁላል በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸውና በኩሽና ዲጂታል ሚዛን አንድ ላይ መዝኗቸው። መነሻቸው 550 ግራም ከሆነ በ7ኛው ቀን 524፣ በ14ኛው 499፣ በ18ኛው 484 ግራም አካባቢ መሆን አለባቸው። በ7ኛው ቀን 515 ከሆኑ እየደረቁ ነው፤ ሁለተኛውን ቦይ ሙሉ። 535 ከሆኑ ውሃው በዝቷል፤ ቦዩን ለአንድ ሁለት ቀን ባዶ አድርጉት። ከመካከላቸው ለም ያልሆነ ሲወጣ ሌላ አትተኩበት፤ የእሱን መነሻ ክብደት ከድምሩ ቀንሱ። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን ለብቻ መዝኖ ቅርፊቱ ላይ መጻፍ ይመረጣል።

የእርጥበት ሴንሰሩን መፈተን የሚፈልግ፣ በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው ያድርግና ጭቃ እስኪመስል በጥቂት ጠብታ ውሃ ያርጥበው፤ ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ዘግቶ 8 ሰዓት ይተወው። መለኪያው 75 ማንበብ አለበት። ያነሰውን ወይም የበለጠውን ይዞ፣ መለኪያውን ማሽኗ ውስጥ አስቀምጦ ከስክሪኗ ጋር ያወዳድራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ እርጥበት ሲያንስ የአየር ቀዳዳውን መድፈን። እርጥበት የሚጨምረው የውሃው ፊት ሲሰፋ ነው፤ ቦዩን ማጥለቅ ምንም አይለውጥም። ንጹሕ ስፖንጅ ቆርጣችሁ ግማሹ ከውሃው በላይ እንዲወጣ ቦዩ ውስጥ አቁሙ፤ ፊቱ ይሰፋል። ቀዳዳውን ግን አትንኩ። በአዲስ አበባ ከፍታ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ጫጩቱ ደግሞ አየር አብዝቶ የሚፈልገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት፣ በሳንባው መተንፈስ ሲጀምር ነው። ሙሉ በሙሉ አድጎ፣ ቅርፊቱን ሳይነካ የሞተ ጫጩት ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ከድሬዳዋ ወጥቶ ደጋ ላይ የሚፈለፈል እንቁላልም ተጨማሪ ጉዳት አለበት፤ ደጋ የኖረች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ውሃ የሚያሳልፍበት መጠን ዝቅ ያለ ነው፣ የቆላዋ ግን አይደለም። ከተቻለ እንቁላሉን ማሽኗ ካለችበት አካባቢ ግዙ።

የውሃው ነገር ካልቀረ፦ ከውጭ መጨመሪያ ቀዳዳ ያላትን ማሽን ምረጡ። ሁልጊዜም ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀቱን ዝቅ ያደርገዋል።

አሁን ወደ መብራት። ማሽኗ 80 ዋት ትላለች፤ ሙቀቷ ከደረሰ በኋላ እየበራች እየጠፋች ስለምትሠራ አማካዩ በግማሽ ይገመታል። በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ21 ቀን 20 አካባቢ ማለት ነው፤ ቆጣሪው አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው መጥፋቱ ነው። ከ220 ቮልት ሌላ በ12 ቮልት ባትሪም የምትሠራዋ ዓይነት ዋጋዋ ከፍ ቢልም ያለማመንታት እሷን ግዙ። 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ (ከዚያ በላይ መጠጣት ባትሪውን ይገድለዋል) 360 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ማሞቂያው ሳያቋርጥ ቢሠራ ለአራት ሰዓት ተኩል፣ ክፍሉ ሞቅ ካለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘልቃል። ቀዩንና ጥቁሩን ገመድ ያለዋወጠ ግን ቦርዱን ያቃጥላል።

ባትሪ ከሌለ፣ መብራት እንደሄደ ክዳኑን አትክፈቱ። በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ከማሽኗ ውጭ ዙሪያዋን ደርድሩና ሁሉንም ባንድ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ ከ14ኛው ቀን በኋላ ከሆነ መተንፈሻ ተዉላቸው። እንቁላል ለጥቂት ሰዓት ብርድን ይችላል፤ መፈልፈሉ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ሊዘገይ ይችላል እንጂ ሁሉም አይሞትም። ዶሮዋም ለመብልና ለመጠጥ ትነሳለች። ሙቀት ግን ምሕረት የለውም፤ 40 ዲግሪ ካለፈ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። መብራት ሲመጣ እንደ ፍሪጁ ማሽኗንም ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ አብሮ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቦርዷን ይበላዋል።

ማገላበጡ ብዙ አያስጨንቅም። እንቁላሉ ሹል ጫፉ ወደታች ሆኖ ይቆማል፣ መደርደሪያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጋድላል። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል ይወላገዳል፤ በጎኑ ትንሽ የታጠፈ ወረቀት ማስገባት ይበቃዋል። ሞተሩ መሥራቱን በጆሮ ሳይሆን በዓይን አረጋግጡ፤ ጠዋትና ማታ የትኛው ጎን ከፍ እንዳለ ማየት በቂ ነው። ጥርሱ ያለቀ ሞተር ድምፅ እያሰማ ምንም ላያንቀሳቅስ ይችላል።

እንቁላሉ ራሱ ከማሽኗ ይበልጣል። የሱቅ እንቁላል አብዛኛው አውራ ከሌለበት ቤት፣ ከቦቫንስና ከሎህማን ጣዮች የመጣ ስለሆነ 21 ቀን ቢሞቅ ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። ለ10 ሴት ቢያንስ 1 ደህና አውራ ካለው ሰው ግዙ። ሳሶን የመሰሉ ድቅሎች ይፈለፈላሉ፤ ልጆቹ ግን እናታቸውን አይመስሉም፣ እኩልም አያድጉም። ዘሯን ይዛ የምትቀጥል የሚፈልግ ኮይኮይክ የሚባለውን የዶሮ ዝርያ ይምረጥ። እንቁላሉ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ የተቀመጠ፣ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ ይሁን። የቆሸሸውን አትጠቡት፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ቆሻሻው በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይሳባል። በአውቶቡስ ከክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ ሹሉን ወደታች አድርጋችሁ 12 ሰዓት አሳርፉት፤ የአየር ክፍሉ በመንገድ ይናወጣል።

አንደኛ ቀን የሚባለው እንቁላሉ ከገባ 24 ሰዓት ሲሞላ ነው። ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ያስገባ፣ 18ኛ ቀኑ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ 21ኛው ማክሰኞ ማታ ላይ ይውላል። በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ላይ የካርቶን ቀለበት አድርጋችሁ ሰፊውን ጫፍ አስጠጉ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥርና መሃሉ ላይ የምትንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ካለ ሕይወት አለ። ጥርት ብሎ አስኳሉ ብቻ የሚታየው ለም አይደለም። የደም ቀለበት ብቻ የታየበት ጀምሮ ሞቷል፤ ይውጣ፣ ካልወጣ ገምቶ ሌሎቹ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

18ኛው ቀን ሲሞላ ሞተሩን ነቅላችሁ መደርደሪያውን አውጡ፣ እንቁላሎቹን በጎናቸው አስተኙ። የማሽኗ ወለል ያዳልጣል፤ ጫጩት በሚያዳልጥ ወለል ላይ ሲቆም እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን ተከፍተው ይቀራሉ። ክሩ የማይፈታ ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ። ሁለቱንም ቦይ ሞልታችሁ ክዳኑን ዝጉት፣ ከዚህ በኋላ አይከፈትም። ቅርፊቱ ከተበሳበት እስከሚወጣበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ጊዜ የቆመ ይመስላል እንጂ ጫጩቱ ውስጡ የቀረውን ደምና አስኳል እየሳበ ነው። ክዳኑን ከፍቶ «ልርዳው» ያለ ሰው እርጥበቱን ያወርደዋል፣ ስሱ ሽፋን ደርቆ የሌሎቹን ጫጩቶች ሰውነት እንደ ፕላስተር ይይዛቸዋል። የወጡትም ላባቸው ደርቆ እስኪንጨፈርር እዚያው ይቆዩ፤ የሳቡት አስኳል እስከ ሁለት ቀን ያለ መብልና መጠጥ ያኖራቸዋል። ማረፊያቸው 32 እስከ 35 ዲግሪ ሞቆ ቀድሞ ይዘጋጅ፣ የፈንግል ክትባቱም ከመጀመሪያው ሳምንት አይለፍ።

ያልወጡትን ከመጣላችሁ በፊት ስበሯቸው። ክፉ ሥራ ነው፤ ሆኖም የሚቀጥለውን ዙር የሚያርመው ይህ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት ከበዙ ጥፋቱ የቆየ እንቁላል፣ መንገዱ ወይም የጅምሩ ሙቀት ነው። ሙሉ አድጎ በውሃ የተነከረ፣ ላባው የሚዝለገለግ ከሆነ እርጥበቱ በዝቷል፤ ክብደታቸው በ18ኛው ቀን ስንት እንደነበር ተመልሳችሁ እዩ። ቅርፊቱን በስቶ ሽፋኑ ላይ ደርቆ የቀረ ከሆነ የመጨረሻው ሦስት ቀን እርጥበት አንሷል ወይም ክዳን ተከፍቷል። ከሰፊው ጫፍ ይልቅ በሹሉ በኩል የበሳ ካለ እንቁላሉ ተገልብጦ ነበር የተቀመጠው።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ማሽኗ ትብራ። ፋኑ ሳይንኳኳ መዞሩን፣ ክዳኑ ጥግ ላይ ክፍተት ሳይተው መግጠሙን፣ ሞተሩን በእጅ የሚያስነሳው ቁልፍ ሲጫን መደርደሪያው ሙሉ ማጋደሉን እዩ። ሻጩ የሚሰጠው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ አያልፍም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ታችዋን በሳሙና፣ ከዚያም በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ እጠቡ፤ ክዳኑ ኤሌክትሪክ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ፣ የፋኑን ጉም የመሰለ የላባ ብናኝ በደረቅ ብሩሽ አንሱ። ሻጩ ጋ ካለ መለዋወጫ ፋን አብራችሁ ግዙ። ፋኑ ሲቆም ሙቀቱ ከላይ ይጠራቀምና ስክሪኑ ደህና ቁጥር እያሳየ ታች ያሉት እንቁላሎች ይቀዘቅዛሉ፤ ማስጠንቀቂያዋም አይጮህም።